መዝገቡ የጠፋ ግምጃ ቤት፤ የቤት ቪዲዮና ሙዚቃ ማኅደርን ስለመጠበቅ

ግምጃ ቤት የሚባል ከተማ አለ። በአማራ ክልል፣ በአዊ ዞን፣ በአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ የሚገኝ ሲሆን ግምጃ ቤት ማርያም ተብሎም ይጠራል። ቃሉን ለብቻው ብንወስደው ደግሞ ግምጃ ቤት ማለት በቤተ መንግሥትም ሆነ በደብር ውድ ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት ነው። በቀድሞው ሥርዓት የቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት ኃላፊ በጅሮንድ ይባል ነበር። በጅሮንዱ ቁልፍ ያዥ ብቻ አልነበረም፤ ምን ገባ፣ ምን ወጣ የሚለው ጉዳይም የሚጠየቀው እሱን ነው። ዕቃው በሙሉ በቦታው ቢኖርም ምንነቱን የሚናገር መዝገብም ሰውም ከሌለ፣ ግምጃ ቤቱ ከተራ መጋዘን አይለይም።

ዛሬ የምናወራው ስለ ትልቁ ግምጃ ቤት ሳይሆን በየቤታችን ስላለው ትንሹ ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት ብዙ ሰው የካሴት ሙዚቃውን ወደ ኤምፒስሪ፣ የሠርግ ቪኤችኤሱን ወደ ዲጂታል አስገልብጧል። በሞባይል የተቀረጸው ሲጨመርበት አንድ ሀርድ ዲስክ አይበቃም። አቅሙ የፈቀደለት ታዲያ ናስ ይገዛል። ናስ ከራውተሩ ጋር በኬብል የሚገናኝ፣ ውስጡ ሁለት ወይም አራት ሀርድ ዲስክ የሚይዝ ሣጥን ነው። በቤቱ ያለ ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕና ስልክ ሁሉ ከዚያ ያነባል። በላዩ ላይ እንደ ፕሌክስ፣ ጄሊፊን ወይም ኮዲ ያለ ፕሮግራም ይጫንበትና ፋይሎቹ በሥዕልና በርዕስ ተሰድረው እንደ ቪዲዮ ቤት መደርደሪያ ይታያሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው ስለ ፊልሞቹ ነው። ሰባት መቶ ጊጋ ቪዲዮ፣ ሁለት መቶ ጊጋ ሙዚቃ፤ ይህ ቢጠፋ ብሎ ሌላ ሀርድ ዲስክ ይገዛና ይገለብጣል። መልካም አድርጓል። ግን የገለበጠው ዕቃውን ነው፤ መዝገቡን አይደለም።

መዝገቡ የት ነው? ፕሮግራሙ ርዕሱን፣ ዓመቱን፣ የተዋናዩን ስም፣ የትኛውን አይተው የትኛውን እንዳላዩ፣ በየትኛው ዝርዝር ውስጥ እንዳስገቡት የሚጽፈው በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ይህ ዳታቤዝ ከቪዲዮዎቹ ፎልደር ውጭ፣ ተጠቃሚው ብዙ ጊዜ ከፍቶት በማያውቀው ቦታ ይቀመጣል። ኮዲ "ዩዘርዳታ" በሚባለው ፎልደር ውስጥ "ዳታቤዝ" የሚል ክፍል አለው። ፕሌክስም ከራሱ የሥራ ፎልደሮች ሥር በተመሳሳይ ሁኔታ ያስቀምጠዋል። ቪዲዮዎቹን ብቻ የገለበጠ ሰው ይህንን አልነካውም።

የውጭ ፊልም ብቻ ለሚሰበስብ ሰው ይህ ብዙም አያሳስብም። ዳታቤዙ ቢጠፋ ፕሮግራሙ የፋይሉን ስም አይቶ እንደ ቲኤምዲቢ ካሉ የኢንተርኔት መዛግብት ርዕሱን፣ ሥዕሉንና ተዋናዮቹን እንደገና ያወርዳል። አንድ ሌሊት ቢፈጅ ነው። የጠፋው ምናልባት የትኛውን ክፍል አይተው እንደጨረሱ የሚያሳየው ምልክት ብቻ ይሆናል።

የእኛ ቤት ግን እንዲህ አይደለም። እስቲ አንድ ምሳሌ እናስብ። ግምጃ ቤት ተወልዶ፣ እንጅባራ ተምሮ፣ ዛሬ አዲስ አበባ በሙያው የሚሠራ ሰው አለ እንበል። በናሱ ውስጥ የታላቅ እህቱ ሠርግ አለ። አጎቱ በካሴት የቀዱት የአዊኛ ዘፈን አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለዓመታት በየጥር 23ቱ እንጅባራ ላይ የተቀረጸ የፈረስ ጉግስ አለ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም የተመሠረተና የዓድዋን ዘማቾች፣ አብረዋቸው የዘመቱትንም ፈረሶች የሚዘክር በመሆኑ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያሰልፈው ፈረሰኛ ብዙ ነው። ማኅበሩ 80ኛ ዓመቱን ያከበረበት የ2012 ዓ.ም በዓል ብቻውን በአንድ ቤተሰብ ስልኮች ስንት ጊጋ እንደያዘ ያየ ያውቀዋል።

ይህ ሰው አንድ የክረምት ወር ሙሉ አባቱን አጠገቡ አስቀምጦ እየጠየቀ ጻፈ እንበል። ነጭ ፈረስ ላይ ያሉት ማን ናቸው? ይህች መረሻትዋ ያማረ ፈረስ የማን ናት? ዘፈኑን የሚያወጡት ከየትኛው ቀበሌ ናቸው? ይህ የተቀረጸው በ1998 ነው ወይስ በ1999? እያንዳንዱን መልስ በፕሌክሱ የማስተካከያ ገጽ ላይ በአማርኛ አስገባ። ይህንን በዓለም ላይ ያለ የትኛውም የኢንተርኔት መዝገብ አያውቀውም። እንደገና የሚወርድበት ቦታ የለም። አባትየው በሕይወት ከሌሉ ደግሞ እንደገና የሚጠየቅም የለም።

እንግዲህ የናሱ የሥራ ፎልደር ያለበት ዲስክ ቢበላሽና ቪዲዮዎቹ ከመጠባበቂያው ቢመለሱ፣ ሰውየው እጅ ላይ የሚቀረው "ኤምኦቪ 0043"፣ "ኤምኦቪ 0044" እያለ የሚሄድ ሦስት መቶ ፋይል ነው። ፈረሱ ይጋልባል፤ ጋላቢው ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

የዚህን ነገር ትልቁን ምሳሌ የምናገኘው ከኮምፒውተር ሰፈር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። ከአብያተ ክርስቲያናትና ከገዳማት ብራናዎቹ እየቀረቡ ይነሡ ነበር። ፊልሙ ለሁለት ቦታ የታሰበ ነበር፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ገዳማዊ የብራና ቤተ መጻሕፍት። መጠባበቂያ ቅጂ ማለት ይኸው ነው፤ አንዱ አገር ቢቸገር ሌላው አገር አለ። አብዮቱ መጣ፣ ሥራው ግን ቀጠለ፤ በስተመጨረሻም ከ9,000 በላይ ብራናዎች በፊልም ተያዙ።

ፊልሙ ብቻውን ግን ምን ያደርጋል? የአንድ ብራና ፊልም ውስጥ የትኛው ድርሰት እንዳለ፣ በማን ዘመን እንደተጻፈ፣ በኅዳጉ ላይ የማን ርስት እንደተመዘገበ አንብቦ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ይህንን ሥራ ዊልያም ማኮምበር ጀመሩት፤ ዋናውን ሸክም የተሸከሙት ግን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተመትተው ከተሽከርካሪ ወንበር ጋር የቀሩት ጌታቸው በዓመቱ ሚኒሶታ ገብተው ለአሥርት ዓመታት እነዚህን ፊልሞች አነበቡ። ካታሎጉ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1993 በ10 ቅጾች ታተመ። የያዘው የመጀመሪያዎቹን 5,000 ብራናዎች ነው። ፊልሙ ከ9,000 በላይ፣ የታተመው መዝገብ 5,000፤ ልዩነቱን ልብ ይሏል። በተመዘገበው ክፍል አንድ ተመራማሪ የሚፈልገውን ድርሰት በአንድ ከሰዓት ያገኛል። ባልታተመው ክፍል ግን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ወይም ፊልሙን እየጠቀለሉ ማየት ነበር ዕጣው። ፕሮፌሰር ጌታቸው በሰኔ 2013 ዓ.ም አርፈዋል። በመዝገብ ያሰፈሩት አብሯቸው አልሄደም።

ወደ ናሱ እንመለስ። የቤት ማኅደር ዳታቤዝን መገልበጥ ፊልምን እንደመገልበጥ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ፕሌክስም ሆነ ኮዲ በነባሪ አሠራራቸው የሚጠቀሙት ኤስኪውላይት የተባለውን ዳታቤዝ ነው። ሪቻርድ ሂፕ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ሲሆን፣ በእጅዎ ያለው ስልክ ውስጥም አለ። ሙሉ ዳታቤዙ አንድ ፋይል በመሆኑ መገልበጡ ቀላል ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። አንድ ገንዘብ ያዥ መዝገቡ ላይ እየጻፈ ሳለ ሌላ ሰው ገጽ በገጽ ፎቶ ኮፒ ቢያነሳ ምን ይሆናል? የመጀመሪያው ገጽ ከመጻፉ በፊት ያለውን፣ የመጨረሻው ገጽ ከተጻፈ በኋላ ያለውን ያሳያል። ወጪው ተመዝግቦ ገቢው ያልተመዘገበበት መዝገብ ይሆናል። ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ የዳታቤዙን ፋይል የሚገለብጥ ሰውም የሚያገኘው ይህንኑ ነው። ፋይሉ አለ፣ መጠኑም ትክክል ይመስላል፤ ሲከፈት ግን "ተበላሽቷል" ይላል። ይህን የሚያውቁት ደግሞ ዋናው ከጠፋ በኋላ ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ኤስኪውላይት አዲስ የተጻፈውን ነገር በዋናው ፋይል ላይ ወዲያው ሳያሰፍር ለጊዜው በጎን ፋይል የሚይዝበት አሠራር አለው። የጎን ፋይሉ ስም እንደ ዋናው ሆኖ መጨረሻው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደላት "ዋል" የሚል ይጨመርበታል። ዋናውን ብቻ ገልብጦ ይህንን የተወ ሰው ዛሬ ጠዋት የጻፈውን ትቷል ማለት ነው።

መፍትሔው አያስቸግርም። ፕሮግራሙን ማስቆም፣ ፎልደሩን በሙሉ መገልበጥ፣ ከዚያ ማስጀመር። በናስ ላይ ከሆነ ከናሱ የፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ "ስቶፕ" ማለት ነው። ማስቆም ለማይፈልግ ደግሞ ኤስኪውላይት ራሱ የመጠባበቂያ ትእዛዝ አለው፤ ዳታቤዙ እየሠራ እንኳ ያልተዛባ ቅጂ ይሰጣል። ለአብዛኛው አንባቢ ግን ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ለአሥር ደቂቃ ማቆሙ ይቀላል።

ፕሌክስ በየሦስት ቀኑ የዳታቤዙን ቅጂ ራሱ ያስቀምጣል፤ በፋይሉ ስም ጫፍ ላይም ቀን ይጽፍበታል። ይህ መልካም ነው፤ ችግሩ ካልነገሩት በቀር ቅጂውን የሚያስቀምጠው ከዋናው ጎን፣ እዚያው ፎልደር ውስጥ መሆኑ ነው። የመሬት ካርታን ኦሪጅናልና ኮፒ በአንድ መሳቢያ እንደማስቀመጥ ነው። በማስተካከያው ውስጥ የመጠባበቂያውን ቦታ መለወጥ ስለሚቻል ወደ ሌላ ዲስክ ያዙሩት። ከዚህ ቅጂ መመለስ የፈለገ ሰው ፕሮግራሙን ካስቆመ በኋላ የተበላሸውን ዳታቤዝ ከነጎን ፋይሎቹ ያነሳል፣ ከቅጂው ስም ላይ ቀኑን ያጠፋል፣ ከዚያ ያስጀምራል። የጎን ፋይሎቹን ማንሳት ከተረሳ አሮጌው ጭማሪ ከቅጂው ጋር ሊደባለቅ ይችላል።

ሁለት ቴሌቪዥን ያለው የኮዲ ተጠቃሚ አንዳንዴ ብልሃት ያገኘ መስሎት የኤስኪውላይቱን ፋይል ናሱ ላይ አስቀምጦ ሁለቱም ቴሌቪዥኖች በኔትወርክ እንዲጽፉበት ያደርጋል። ይህ አይመከርም። ኤስኪውላይት አንዱ ሲጽፍ ሌላው እንዲጠብቅ የሚያደርገው በፋይል መቆለፍ ሲሆን፣ በኔትወርክ ላይ ይህ መቆለፊያ ብዙ ጊዜ አይታመንም። የጎን ፋይል ያልነው አሠራር ደግሞ ጭራሽ የሚሠራው ጸሐፊዎቹ ሁሉ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሲሆኑ ነው። ለሁለት ክፍል የሚያስፈልገው ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ ናሱ ላይ መጫን ነው። መጠባበቂያውም ከዚያ ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ተገልብጦ ይወጣል። ሲመልሱት አማርኛው አማርኛ ሆኖ መምጣቱን ይዩ፤ የፊደል አሠራሩ ሳይገጥም ከቀረ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ነው የሚያገኙት።

ናስ የሚሸጡ ሰዎች አዘውትረው የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ "ሁለት ዲስክ ስላለው አንዱ ቢሞት ሌላው አለ" ይላሉ። ይህ ሬይድ የሚባለው አሠራር ነው። እውነትም አንዱ ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቆም ያደርጋል። መጠባበቂያ ግን አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅዎ የጥር 23ን ፎልደር ሲሰርዝ ሁለተኛው ዲስክም በዚያው ሴኮንድ ይሰርዘዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ከፍ ብሎ የመጣ ኃይል ሣጥኑን ካቃጠለው ሁለቱም ዲስኮች አብረው ይጋለጣሉ። ሌባም አንዱን ትቶ አንዱን አይወስድም።

ከሌባ የከፋም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሲኖሎቸር የተባለ አጥፊ ፕሮግራም ሲኖሎጂ ሠራሽ ናሶችን፣ በ2022 መጀመሪያ ደግሞ ዴድቦልት የተባለው ኪውናፕ ሠራሽ ናሶችን በኢንተርኔት እየገባ ፋይሎቻቸውን ቆልፎ ገንዘብ ጠይቋል። ከናሱ ጋር ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ኤክስተርናል ዲስክ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር እንግዳ አይደለም፤ አብሮ ሊቆለፍ ይችላል። ስለዚህ መጠባበቂያው ዲስክ ሥራው ሲያልቅ ይነቀላል። ናሱም ያለ በቂ ምክንያት ከውጭ በኢንተርኔት እንዲከፈት አይደረግም።

በፎቶግራፍ ባለሙያዎች ዘንድ በፒተር ክሮግ መጽሐፍ የታወቀው "ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ" የሚለው ደንብ እዚህ ይሠራል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። በውጭው ዓለም "አንዱ ከቤት ውጭ" ሲባል ወዲያው የሚታሰበው በኢንተርኔት የሚከራይ ማከማቻ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ሁልጊዜ አይሆንም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል፤ በዚያን ጊዜ እንጅባራ የነበረ ሰው ፋይሎቹ ካሊፎርኒያ ቢቀመጡለት ምንም አይረባውም ነበር። ደግሞም የሌላ ሰው ማከማቻ የሌላ ሰው ነው። ማይስፔስ በ2019 እ.ኤ.አ. ሰርቨር ሲያዛውር ከ12 ዓመት በላይ ሰዎች የጫኑትን ሙዚቃ ማጥፋቱን ማመኑ አይዘነጋም።

እዚህ ላይ ግን መዝገቡ ከዕቃው የሚለይበት ደስ የሚል ነገር አለ፤ ትንሽ ነው። ቪዲዮዎቹ አንድ ቴራባይት ቢሆኑ ዳታቤዙ ብዙውን ጊዜ በመቶ ሜጋባይት የሚቆጠር ነው። የሦስት መቶ ቪዲዮ ማብራሪያ በተራ ጽሑፍ ቢወጣ ደግሞ አንዱ ሦስት ኪሎባይት ቢይዝ እንኳ በጠቅላላው አንድ ሜጋባይት አይሞላም። ይህ በኢሜይል ይሄዳል፤ በቴሌግራም ይሄዳል፤ በተራ ፍላሽ በኪስ ይሄዳል። ኔትወርክ ለአንድ ሰዓት ብቻ ብቅ ቢል ያ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ትልቁን ቪዲዮ በኤክስተርናል ዲስክ ገልብጦ ለበዓል ሲሄዱ ወንድም ቤት ማስቀመጥ፣ ትንሹን መዝገብ ደግሞ በየወሩ በኢንተርኔት መላክ ለእኛ ሁኔታ የሚስማማ ይመስለኛል። ከአዲስ አበባ እንጅባራ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለአንድ የቤት ቃጠሎ ወይም ለአንድ ሌባ ይህ በቂ ርቀት ነው። የቤተሰብ ስምና ሁኔታ ያለበት ስለሆነ ከመላኩ በፊት በይለፍ ቃል ይታሸግ፤ ቃሉንም ከአንድ ሰው በላይ ይወቀው።

ከዳታቤዝ ቅጂ በላይ የሚሻለው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ጽሑፉን ከፕሮግራሙ ነጻ ማውጣት ነው። የዛሬው ፕሌክስ ከ15 ዓመት በኋላ ላይኖር ይችላል። ኮዲም ስሙ ኤክስቢኤምሲ ነበር፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ነው የተለወጠው። በየእትሙ የዳታቤዙ አሠራር ይቀየራል፤ የፋይሉ ስም ላይ ያለው ቁጥርም አብሮ ያድጋል። ተራ ጽሑፍ ግን የትም ይነበባል። ኮዲ "ሴቲንግስ" ውስጥ፣ "ሚዲያ" ከሚለው ሥር፣ "ላይብረሪ" የሚለው ላይ "ኤክስፖርት" የሚል ምርጫ አለው። "በተናጠል ፋይሎች" የሚለውን ከመረጡ ከእያንዳንዱ ቪዲዮ ጎን ያንኑ ስም የያዘ፣ መጨረሻው "ኤንኤፍኦ" የሆነ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። ይህንን በኖትፓድ ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። ቪዲዮው ሲገለበጥም አብሮ ይገለበጣል። ዳታቤዙ ቢጠፋ ኮዲ ከእነዚሁ ፋይሎች እንደገና ይሠራዋል። ጄሊፊንም እንዲህ እንዲጽፍ ሊታዘዝ ይችላል። ፕሌክስ ግን የጻፉለትን ዳታቤዙ ውስጥ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ የፕሌክስ ተጠቃሚ ከእያንዳንዱ የቤተሰብ ቪዲዮ ጎን በራሱ እጅ ተራ የጽሑፍ ፋይል ቢያኖር፣ ወይም ሁሉንም በአንድ ኤክሴል ቢዘረዝር ይሻለዋል። ሙዚቃ ከሆነ ጉዳዩ ይቀላል። የዘፋኙና የዘፈኑ ስም ኤምፒስሪው ሆድ ውስጥ ሊጻፍ ስለሚችል ፋይሉ በሄደበት ስሙ አብሮት ይሄዳል።

ስም ሲጽፉ አንዳንድ አገር በቀል ጣጣዎች አሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ካሜራው የሚጽፈው የፈረንጁን ቀን ነው፤ ባትሪው ሞቶ የቆየ ካሜራ ደግሞ ሁሉንም ቪዲዮ አንድ ቀን ላይ ይከምረዋል። በርዕሱ ላይ "ጥር 23 ቀን 2002 ዓ.ም" ብሎ በግልጽ መጻፍ ይህን ሁሉ ይገላግላል። ሁለተኛው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። "ኃይሌ" ብለው ጽፈው "ሀይሌ" ብለው ቢፈልጉ ፕሮግራሙ ሁለቱን እንደ ሁለት ሰው ነው የሚያያቸው። ከመጀመሪያው አንዱን መርጦ በዚያው መጽናት ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። በኮምፒውተር ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በሲኖሎጂ ናስ ላይ በምስጢር የተቆለፈ የጋራ ፎልደር የሚቀበለው የፋይል ስም ርዝመት 143 ባይት ስለሆነ በአማርኛ ከ47 ፊደል በላይ አይሄድም። "የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ አያቴ የመረቁበትና ፈረሶቹ የገቡበት" እያለ የሚረዝም የፋይል ስም ወደዚያ ሲገለበጥ ፋይሉ ሳይገባ ይቀራል። ረጅሙን ለጽሑፍ ፋይሉ ይተዉት፤ የፋይሉ ስም አጭር ይሁን።

ዳታቤዙ እያንዳንዱን ቪዲዮ የሚያስታውሰው በአድራሻው መሆኑንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። ናሱ ተቀይሮ "ቪዲዮ" የነበረው ፎልደር "ቪዲዮዎች" ከተባለ፣ መዝገቡ ዕቃውን አጣሁት ይላል። አዲሱን ናስ ሲያዘጋጁ የድሮውን የፎልደር ስሞች እንዳሉ መድገም ብዙ ድካም ያስቀራል። ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ አደገኛ ነገር አለ። ኮምፒውተሩ በርቶ ናሱ ሳይበራ ቢቀር፣ በፕሌክስ ውስጥ "ከእያንዳንዱ ፍተሻ በኋላ ቆሻሻውን ባዶ አድርግ" የሚለው ምርጫ ከተመረጠ፣ ፕሮግራሙ ፋይሎቹ የጠፉ መስሎት ከመዝገቡ ሊሰርዛቸው ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህንን ምርጫ ቢያጠፋው ይበጀዋል። ዩፒኤስም ቅንጦት አይደለም። ዳታቤዝ እየተጻፈ ሳለ ኃይል ድንገት ሲቋረጥ ነው የሚጎዳው፤ ከናሱ ጋር በዩኤስቢ የሚገናኝ ዩፒኤስ ከሆነ ባትሪው ከማለቁ በፊት ናሱ ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ ያደርገዋል።

የቀረው መፈተሽ ነው። ተመልሶ ያልታየ ቅጂ አለ አይባልም። ፍተሻው ይህን ይመስላል። ሌላ ላፕቶፕ ላይ ፕሮግራሙን መጫን፣ ማስቆም፣ የመጠባበቂያውን ዳታቤዝ በቦታው ማስገባት፣ ማስጀመር፣ ከዚያ ሦስት ቪዲዮ መርጦ ርዕሱና ማብራሪያው መምጣቱን ማየት። አንዱ የቆየ፣ አንዱ ባለፈው ወር የገባ፣ አንዱ ደግሞ ረጅም የአማርኛ ማብራሪያ ያለው ቢሆን ጥሩ ነው። ለዚህ ከጳጉሜን ቀናት አንዱ ይበቃል። ከጥር 23 በኋላም አዲስ ቪዲዮ ስለሚገባ በዚያው ሰሞን መዝገቡን አንድ ጊዜ መገልበጥ ተገቢ ነው።

ዝርዝሩንም በወረቀት ማተም ይቻላል። በኤ4 ገጽ ላይ ሠላሳ መስመር ቢገባ ሦስት መቶ ቪዲዮ አሥር ገጽ ነው። የፋይሉ ስም፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ የሚታዩት ሰዎች ስም። ይህን አባት ቤት ወስዶ ማስቀመጥ ሌላ ጥቅም አለው። ናስ የማይከፍቱ፣ ስልክም የማያስኬዱ አክስት አንብበው ወይም ሲነበብላቸው ሰምተው "ይህማ እሱ አይደለም፣ ወንድምየው ነው" ብለው ያርማሉ። እርማቱ በእስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ይጻፍና አዲስ አበባ ሲደርስ ወደ ዳታቤዙ ይገባል።